ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ወጣሁ፤ ለአለቃዬ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

የሰርቪስ_ሹፌር (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ቻሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። እዚህ የሚያውቀኝ ስለሌለ ነው የምተነፍሰው።

ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰርቪስ ሹፌር ነኝ። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ሠራተኛውን ከጠባሴ ጀምሬ እየለቀምኩ አስገባለሁ፣ ማታ እበትናለሁ። በስድስት ዓመት መኪናው ላይ አንድ ጭረት አላሳረፍኩም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ነገሩ ለምን እንደዚህ እንዳመመኝ እንዲገባችሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጫጫ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር። የሚስቴን ወንድም ቪትዝ ተውሼ ሄድኩ። የጥር ሰርግ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ጠላ ነበር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አረቄው መጣ፣ ያውም ዳግም የሚባለው ሁለቴ የወጣው፣ የአክስቴ እጅ ያረፈበት። ባዶ መለኪያ ይዘህ አትቀመጥም፤ አንዱ «በሞቴ» ይልሃል፣ ሌላው «ሙሽራው ይሙት» ይልሃል። ስምንት ይሁን አሥር አልቆጠርኩም። እኩለ ሌሊት ገደማ ግን ልብ ገዛሁና «በዚህ ሁኔታ አልነዳም» ብዬ እዚያው ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነው የተኛሁት፣ እውነቴን ነው።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። በውርጩ ውኃ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣሁ። ራሴን ትንሽ ከበደኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ወጋችኝ፣ መስታወቱም በግማሽ ውርጭ ነበረበት፣ ወተት የጫነ ጋሪ ከፊቴ ነበር። ያየሁት ከደረስኩበት በኋላ ነው። ፍሬኑን የረገጥኩት ዘግይቼ ነው። ባለጋሪው ወደቀና እጁ ተሰበረ። ጀሪካኖቹ ተገለበጡ፣ ወተቱ አስፋልቱ ላይ እየፈሰሰ ወደ እኔ ጎማ መጣ። እስካሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ወተት ነው።

ትራፊኩ መጥቶ አንዴ ጠጋ አለኝና «ጠጥተሃል?» አለኝ። «የትናንት ነው» አልኩት። «የትናንቱ ታዲያ ዛሬ ምን ይሠራል?» አለኝ። ጤና ተቋም ወስደው ደም አስቀዱኝ። ከዚያ ጣቢያ ገባሁ። ቀበቶ አውልቅ፣ የጫማ ክር ፍታ፣ ስልክ አምጣ። ማታ ባለቤቴ እራት ይዛ መጣች፣ በሩ ላይ ቅመሺ አሏት። ቀመሰች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ማክሰኞ በዋስ ወጣሁ። የጎረቤቴ ልጅ የባጃጁን ሊብሬ አስይዞልኝ ነው። መኪናው ጣቢያ ነው፣ መንጃ ፈቃዴም እነሱ ጋ ነው፣ መዝገቡም አልተዘጋም።

አሁን ጥያቄዬ። ሰኞና ማክሰኞ ስቀር ባለቤቴ ደንግጣ ለስምሪት ኃላፊው «እናቱ በጠና ታማ አገር ቤት ሄደ» ብላዋለች። እሱም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ፈቃድ ሰጠኝ። ሠራተኛው ደግሞ ምን አደረገ፣ አዋጥቶ 4,300 ብር በቴሌብር ላከልኝ፣ «ለእማማ ማሳከሚያ» ብሎ። እናቴ ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ገብስ ስታሰጣ ነው የዋለችው።

ከነገ ወዲያ ሰኞ ከንጋቱ 11:30 ሰርቪሱን ማውጣት አለብኝ። የሚስቴ ወንድም «መንጃ ፈቃዴ ጠፍቷል በልና ጊዜ ግዛ» ይለኛል። አማቴ ዝም ብለዋል፣ የሳቸው ዝምታ ከሁሉ ይከብዳል። ምን ላድርግ? ብናገር እንጀራዬ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ዝም ብል ደግሞ እስከ መቼ?


ገብስ_ነኝ፦

መጀመሪያ ፈረሱ እንዴት ሆነ? ጀሪካኑን ነገርከን፣ ወተቱን ነገርከን፣ ፈረሱን ዘለልከው 😅

ቀልዱ ይቆይና፣ «መንጃ ፈቃድ ጠፋ» የሚለውን ምክር የሰጠህ መኪናው የታሰረበት ሰውዬ መሆኑ ነው የገረመኝ። ጠፋ ካልክ ምትክ አውጣ ይሉሃል። ምትክ ልታወጣ ስትሄድ ደግሞ የት እንዳለ ይነግሩሃል። ደብረ ብርሃን ነው ያለኸው ወንድሜ፣ ብርዱ እንጂ ወሬው አይቀዘቅዝም። ከሰርቪስህ ተሳፋሪዎች አንዷ የዚያ ፖሊስ ሚስት ወይም እህት ናት ብዬ እወራረዳለሁ።


ዝም_በል_ወንድሜ፦

እኔ አትንገር ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ ቅዱስ ሆኖ ነው? ጥር ላይ ያልጠጣ ሹፌር አሳየኝ። አለቃህም ጠጪ ነው፣ እመነኝ። ፈቃድህን በሐኪም ወረቀት ምናምን አራዝም፣ ፍርዱ በቅጣት ብር ካለቀ ከፍለህ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ትመለሳለህ፣ ማንም አያውቅም። አንዴ ከተናገርክ ግን ፋይልህ ውስጥ ይገባል፣ እድሜ ልክህን «ያ ሰካራሙ» ነህ።


ጠበቃ_አይደለሁም፦

ጠበቃ ቢሮ ውስጥ መዝገብ የማደራጅ ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ ስለዚህ ይሄን ይዘህ አንድ የሕግ ባለሙያ አነጋግር። ግን ከላይ ያለው ወንድማችን ምክር ገደል የሚከት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ፈልገህ አንብበው። ሠራተኛ ቢታሰርና እስሩ ከ30 ቀን ባይበልጥ፣ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ የሥራ ውሉ አይቋረጥም። ለጊዜው ነው የሚታገደው። ለነዚያ ቀናት ደሞዝ አትጠብቅ፣ ግን ሥራህ አለ። አንተ እሑድ ታሰርክ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቁጠረው። ገና ጊዜ አለህ፣ ግን ጥቂት ነው። ሕጉ የሰጠህን መከላከያ በ«እናቴ ታማለች» እየለወጥከው ነው። ነገ ስትታወቅ ክርክሩ ስለ መታሰርህ መሆኑ ይቀርና ስለ መዋሸትህ ይሆናል። በሐሰት የሐኪም ወረቀት ፈቃድ ማራዘም ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው፣ በአንዱ ላይ ሌላ አትደርብ።

የማያምር ነገርም አለው፣ አልደብቅህም። እስራት ተፈርዶብህ በዚያ ምክንያት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። መንጃ ፈቃድህ ለረጅም ጊዜ ከታገደም ሹፌር ሆነህ መቀጠል አትችልም፣ ይሄ ግልጽ ነው። ለዚህ ነው አስቀድመህ ሄደህ «እስከዚያ ሌላ መደብ ላይ መድቡኝ» ብትል የሚሻልህ። ግዴታ የለባቸውም፣ ግን የሚለምን ሰው እና የተያዘ ሰው አንድ አይደሉም።

ስለ መኪናው። የሚስትህ ወንድም የነገሩ ክብደት የገባው አልመሰለኝም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፣ ሌላ ሰው ነድቶትም ቢሆን። ባለጋሪው ካሣ ቢጠይቅ የሚስትህን ወንድምም ይዞ ይከሳል። ቪትዙ ሙሉ መድን ካለው ደግሞ ውሉን አውጥታችሁ ስለ ማይሸፈኑ ጉዳቶች የሚለውን ክፍል አንብቡት። ሹፌሩ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ያደረሰውን ጉዳት አንከፍልም የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ ታገኛላችሁ። የመብራቱም፣ የኮፈኑም ዋጋ ከኪስህ ነው።

ወንጀሉ ላይ ብዙ አልልም። በቸልተኝነት አካል ማቁሰል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ነው የሚታየው። «ጠጥቼ ስለነበር አላወቅኩም» ብለህ እንዳትከራከር። ፈቅዶ የሰከረ ሰው በስካሩ ከኃላፊነት አያመልጥም። ያን ሰው ዝቅ ብለህ ማሳከምህ፣ መካስህ ግን ቅጣት ማቅለያ ይሆንልሃል። ሽማግሌ ላክ። እርቅ ብቻውን መዝገብ አይዘጋም፣ ግን ዳኛው ፊት ትርጉም አለው።

እና አንድ ነገር አስብ። ያ ሰው ቢሞት ኖሮ አንቀጽ 543 ንዑስ 3 ነበር የሚጠቀስብህ። በመጠጥ ራሱን አስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። የቀረህ የአንድ ክንድ ያህል ነው። ሰኞ ያለ መንጃ ፈቃድ ሰርቪስ ይዘህ እንዳትወጣ። ይሄን ደግሜ እለዋለሁ። እንዳትወጣ።


ነርሷ፦

ሰው ሁሉ «ተኝቶ ተነስቶ እኮ ነው፣ ተበድሏል» እንዳይል ይሄን ልጻፍ። ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ የጥር ወርን በደንብ አውቀዋለሁ።

አንድ መለኪያ 40 ሚሊ ሊትር ያህል እንበል። ዳግም አረቄ ጠንከር ያለው እስከ 45 በመቶ አልኮል ይደርሳል። አንዱ መለኪያ እንግዲህ 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፣ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ስምንት ስትጠጣ 113 ግራም ገደማ ይሆናል። 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ላይ ይሄ በአንድ ሊትር ደም ወደ 2.3 ግራም ነው። ጉበት ደግሞ አይቸኩልም፣ በሰዓት በአማካይ 0.15 ያህል ነው የሚያወርደው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አሥር ሰዓት ነው፣ 1.5 ወረደልህ። 0.8 ቀረ። የተፈቀደው ጣሪያ ራሱ 0.8 ነው። ጠላውን አልቆጠርኩትም። አሥር መለኪያ ከነበረ ደግሞ 1.4 ይዘህ ነው መሪ የጨበጥከው።

ቡና አይቀንሰውም። ቀዝቃዛ ውኃ አይቀንሰውም። ውርጩም አይቀንሰውም። ያነቃህና ደህና የሆንክ ያስመስልሃል፣ ያ ነው አደጋው። ማታ የሰከረ ሰው መስከሩን ያውቀዋል። ጠዋት ግን አያውቅም። እንቅልፍ እንደ ፀበል የሚያነጻ የሚመስለን ብዙ ነን።

እኔ ጋ የሚመጡት ማታ ብቻ ሳይሆን ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓትም ናቸው፣ እሑድ እና ሰኞ። «የትናንት ነው» ይሉኛል ሁሉም።


የሹፌር_ሚስት፦

እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም። ስለዚያ ቅመሺ ስላሏት ሴትዮ ልናገር።

ባሌ የጭነት ሹፌር ነበር። እንዳንተው ተያዘ፣ ዓመቱን አልናገርም። ሽሮ ሠርቼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። በሩ ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው የቆመው። «ቅመሺ» አለኝ፣ ሥራው ነው፣ አልቀየምኩትም። እንጀራውን ቆርሼ ስጎርስ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ለባልሽ መርዝ ይዘሽ እንዳልመጣሽ አሳዪ ማለት ነው እኮ ትርጉሙ። ባልሽ የሰው ልጅ ሊገድል ነበር ማለትም ነው።

ከወጣ በኋላ ሁሉም እሱን ነው ያጽናናው። «አይዞህ፣ ወንድ ያልፍበታል» እያሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቤት ኪራይ እኔ ተበደርኩ፣ ለዕድርተኛው እኔ ዋሸሁ፣ ለልጆቹ «አባታችሁ ሥራ ሄዷል» ያልኩት እኔ ነኝ። ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ «ታዲያ መኪናው ለምን እዚህ ቆመ?» አለኝ።

ባለቤትህ ለአለቃህ የዋሸችው አንተን ብላ ነው። ውሸቱን አንተ ሄደህ አንሳላት። «ሚስቴ ናት ያለችው» እንዳትል ብቻ። እንደዚያ ካልክ ቤትህ የምትመለስበት ፊት አይኖርህም።

ያ ብር ደግሞ። ዛሬ ማታውኑ መልሰው። 4,300 ብር ቤት ውስጥ ባደረ ቁጥር እናትህን እያሳመምካት ነው።


የሰርቪስ_ሹፌር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንብቤ አንብቤ ነው የመለስኩት። @ነርሷ ያንን ስሌት ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ እስካሁን በልቤ «ተኝቼ ተነስቼ እኮ ነው» እያልኩ ትራፊኩን ስረግመው ነበር። የደሙ ምርመራ ውጤት ምን እንደሆነ ባይነግሩኝም አሁን መገመት ከበደኝ አልልም።

@ገብስ_ነኝ ፈረሱን አልረሳሁትም። ልጽፈው አልቻልኩም እንጂ። አልወደቀም። ጋሪው ከጎኑ ተሰብሮ፣ አንዱ ዘንግ መሬት ነክቶ፣ እሱ ቆሟል። አልሮጠም፣ አልጮኸም። አፍንጫው እየጨሰ ጌታው የወደቀበትን ያያል። ኋላ እግሩ ላይ ተጭሯል፣ ጥልቅ አይደለም አሉኝ።


ዝም_በል_ወንድሜ፦

እሺ ስለ ሐኪም ወረቀቱ ተሳስቻለሁ፣ አነሳሁት። ግን ይሄን ሁሉ የምታወሩት ሰዎች ደሞዝ ቢቋረጥ የልጅ ትምህርት ቤት ማን ይከፍላል? ቀላል አታድርጉት።


የጣርማበሩ፦

ልጄ፣ ማንም ቀላል ነው አላለም።

እኔ በዚህ መንገድ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቻለሁ። በኤንትሬ ጭነት መኪና ጀምሬ በአይሱዙ ነው የጨረስኩት። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ወደ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ገብስና ድንች ጭኜ ወደ ታች። ጣርማበርን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጣሊያን ዋሻ አለ፣ ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትሄድ መንገዱ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ነው የሚወርደው። ጉሙ ሲመጣ የራስህን ኮፈን አታይም። እዚያ ረዳቱ በባትሪ እየመራ በእግሩ ይቀድምሃል።

እኛ ዘመን ለብርዱ እየተባለ ነበር የሚጠጣው። ደብረ ሲና አንድ፣ ዋሻው አፍ ላይ አንድ፣ ለመሞቅ። ብዙ ጓደኞች በዚያ ቁልቁለት ቀርተዋል። እኔን የያዘኝ ግን ቁልቁለቱ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ነው የተያዝኩት፣ አሳፋሪ በሆነ መንገድ፣ ከአንድ ምሰሶ ጋር ተላትሜ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ባለንብረቱ ግን በነጋታው መጣ፣ አልጮኸብኝም፣ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። በቃ።

እኔ አንተ ያሰብከውን ነው ያደረግኩት፣ ለሌላ ባለንብረት አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ሥራ ስፈልግ ሁሉም ጋ ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል። «ጋሼ መኪና የለንም» ይሉኛል፣ መኪናው ከኋላቸው ቆሞ። ከስምንት ወር በላይ ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ወደ ደብረ ሲና ለቅሶ ልሄድ መናኸሪያ ቆሜ፣ አንድ ቅጥቅጥ መጣ። ሹፌሩን ሳየው ረዳቴ የነበረው ልጅ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ልጁ ወርዶ በሩን ከፈተልኝና «ጋሼ፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ። ሳንቲም አልቀበልም አለ። ክብር ነው የሰጠኝ። እኔ ግን ያን ቀን ጣርማበርን ስንወርድ እግሬ ሳላውቀው ፍሬን ይረግጣል። የሌለ ፍሬን። ልጁ እያየ እንዳላየ ሆነ።

ስለዚህ ልጄ፣ አለቃህ ዘንድ ሄደህ በራስህ አፍ ንገረው። ቢያባርርህም ቀጣዩ አሠሪ ሲጠይቀው «ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ» ይላል። በሹፌር አገር ይሄ ደብዳቤ ነው።

ሌላው፣ ለሚቀጥለው ጥር አንድ ዘዴ ልንገርህ። በሰርግ ቤት «አልጠጣም» ብትል ይጣሉሃል፣ «መኪና ይዣለሁ» ብትል ይስቁብሃል። «ሸንኮራ ዮሐንስ ፀበል ልገባ ነው» በል። አንድ ሰው አይጫንህም። አክስትህ ራሷ ብርዝ ፈልጋ ታመጣልሃለች። ከዋሸህ አይቀር እንደዚህ ነው መዋሸት፣ ከዚያ ደግሞ በእውነት ግባና ውሸቱን እውነት አድርገው።


ገብስ_ነኝ፦

ጋሼ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። ቀልዴን አቆምኩ።

(የፀበሉን ዘዴ ግን ወስጃለሁ።)


ጠበቃ_አይደለሁም፦

ስትሄድ በቃል ብቻ እንዳትተወው። አንድ ገጽ ጻፍ፣ መቼ እንደታሰርክ፣ መቼ በዋስ እንደወጣህ፣ መንጃ ፈቃድህ እንደተያዘ፣ ቀጠሮህ መቼ እንደሆነ። ሁለት ኮፒ አድርገህ አንዱን አስፈርመህ አስቀር። ይቅርታውን በቃል ጠይቅ፣ ቀኑን በወረቀት አስፍር።


የሰርቪስ_ሹፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ትጠብቃላችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ብሩን ቅዳሜ ማታውኑ መዋጮውን ለሰበሰበችው ልጅ መለስኩት። ደወለች። «እማማ ደህና ሆኑ?» አለችኝ። «አልታመመችም፣ እኔ ነኝ የታሰርኩት» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እንዲህ ብትለን ለዋስም እናዋጣ ነበር እኮ» አለችኝ። ይሄ ከስድብ ይበልጣል፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአማቴና ከሁለት ሽማግሌ ጋር ባለጋሪው ቤት ሄድን። እጁ በጀሶ ነው። መጀመሪያ ሊያየን አልፈለገም፣ ሚስቱ ናት ግቡ ያለችን። አማቴ ሲነሱ፣ ሲጎነበሱ ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ለእኔ ስካር ነው ጉልበታቸውን ያጠፉት። የሕክምናውንና የጋሪውን ማሠሪያ እኔ ልሸፍን ተስማማን፣ የወተቱንም። እሱ ግን ከብሩ ይልቅ የጨነቀው ሌላ ነው፣ ጀሶው እስኪወልቅ ወተቱን ማን ያመላልሳል፣ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሰው ይሄዱበታል። የአጎቴ ልጅ፣ ያው ሙሽራው፣ ሲሰማ ታናሽ ወንድሙን ላከልን። ከጫጫ እየመጣ ጋሪውን እሱ ይነዳል፣ የቀን አበሉን እኔ እከፍላለሁ። ፈረሱን አየሁት። ገለባ ይበላል። እጄን ስዘረጋለት ሸሸ።

ሰኞ በ11 ሰዓት፣ ሰርቪሱ ከመውጣቱ በፊት፣ ስምሪት ቢሮ በር ላይ ጠበቅኩት። ወረቀቱን ይዤ። እንደተባልኩት ሁለት ኮፒ። በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ ባለቤቴ ያለችውንም እኔው እንዳስባልኳት አድርጌ ነገርኩት። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ሰዓቱን አየና «ታዲያ አሁን ሰርቪሱን ማን ያውጣልኝ?» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ፈረመልኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከሰዓት በኋላ ከሰው ኃይል ተጠርቼ ቀጠሮው እስኪታወቅ ስቶር ውስጥ ዕቃ እንድቆጥር ተነገረኝ፤ ደሞዝ ዝቅ ይላል፣ የትርፍ ሰዓት የለም፣ ፍርዱን አይተን እንወስናለን ተባልኩ። ልባረርም እችላለሁ፣ ልቆይም እችላለሁ። የካቲት 18 ነው ቀጠሮዬ።

የሚስቴ ወንድም እስካሁን አላናገረኝም። የመድን ውሉን አንብቦታል።


የሹፌር_ሚስት፦

ባለቤትህስ?


የሰርቪስ_ሹፌር፦

ትናንት ማታ ራት አቀረበች። እኔ «አንቺ መጀመሪያ» ስላት፣ «እኔ ቀምሻለሁ» አለችኝ። የሳቀች መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።


የጣርማበሩ፦

እሰይ። ሰኞ ታዲያ ሰርቪሱን ማን አወጣው?


የሰርቪስ_ሹፌር፦

የማታ ፈረቃ የነበረውን ልጅ ከቤቱ ጠርተውት መጣ፣ ሃያ ደቂቃ ዘገየን። እኔም በዚያው ተሳፍሬ ገባሁ። ጋቢና ግን አልተሰጠኝም ጋሼ፣ ከኋላ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነው የሄድኩት።